ወራጅ ውሃ ይቆማል፤ ይርጋ ግን አይቆምም

«በሕግ አምላክ!» ሲባል ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል ይላሉ አበው። በዘመናችን ግን በሕግ አምላክ ቢሉትም የማይቆም አንድ ነገር ተገኝቷል። እርሱም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የይርጋ ቆጠራ ነው። መንገድ ሲዘጋ ይቆጥራል፤ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ይቆጥራል፤ ሠራተኛው በሩን ቆልፎ የተኩስ ድምፅ እያዳመጠ ሲያድርም ይቆጥራል። ማለዳ ላይ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል፣ ከሥራ የተባረረው ሰው የመክሰስ መብቱን ከእንቅልፉ ሲነሣ ያጣዋል።

እኔ ጎንደር ከተማ ተቀምጬ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። የምይዘው የሥራ ክርክር ብቻ ነው፤ የምቆመውም ለሠራተኛው ወገን ነው። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ከተማዬ ውስጥ አይኖሩም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከሊማሊሞ ማዶ አዳርቃይ፣ በምዕራብ ደግሞ እስከ መተማ ድረስ ተበትነዋል። ስለዚህ ሥራዬ ስልክና ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልከራከርበት የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ መስመሩን በገዛ ውሳኔው የሚቆርጥ መንግሥት፣ መስመሩ በተቆረጠበት ጊዜ የሠራተኛውን የይርጋ ቀን ሊቆጥርበት አይገባም። ቆጥሮበት ከተገኘ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ፈርዶበታል ማለት ነው።

ከርቀት መሟገት ሲባል

«ከርቀት መሥራት» የሚለው አነጋገር ለአዲስ አበባ አንባቢ በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ጋር የመጣ፣ ላፕቶፕና ቡና የያዘ ሰው የሚታይበት የምቾት ሥዕል ይሆንበት ይሆናል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ትርጉሙ ሌላ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ ቅርብ ነው። ደመወዙ ለተቋረጠበት ሰው ግን የደርሶ መልስ ትኬት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ሲደመርበት በጣም ሩቅ ነው። ክሱን ለማስጻፍ አንድ ጊዜ፣ ማስረጃ ለማሟላት ሌላ ጊዜ፣ ለቀጠሮ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ቢመላለስ፣ የሚጠይቀውን ገንዘብ በመንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ይህን የፈታልን ቴክኖሎጂ የረቀቀ አይደለም። ሠራተኛው የተሰጠውን የስንብት ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል። የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ መክፈያውን፣ የባንክ ደብተሩን ገጽ እንዲሁ። የሆነውን ነገር በድምፅ ይተርካል፤ ብዙ ጊዜም ምሽት ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ፣ ነፋሱ ከድምፁ ጋር እየተሻማ ነው የሚተርከው። እኔ የክስ ማመልከቻውን አርቅቄ እመልስለታለሁ። እርሱ በወረዳው ከተማ ካለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አሳትሞ ይፈርማል፤ አባሪውን ጨምሮ ለወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ያቀርባል። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ለክርክሩ ቀን አስፈላጊ ከሆነ እኔ እወጣለሁ፤ ካልሆነም ራሱ ቆሞ የሚናገረውን ቀድመን በስልክ ተለማምደን ያውቀዋል።

ይህ አሠራር ምን እንደለወጠ የሚያውቅ የቀድሞውን ያየ ነው። አሠሪው በደመወዝ የተቀጠረ ነገረ ፈጅ አለው። ነገረ ፈጁ የሕግ ትምህርት አለው፤ መኪና ተመድቦለታል፤ አበል ይከፈለዋል። በሌላው ወገን የቆመው የሆቴል ምግብ አብሳይ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ የመንገድ ፕሮጀክት ቀን ቆጣሪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል በጥቂቱም ቢሆን የሞላው ያ የቴሌግራም መልእክት ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በእኛ አገር ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቋረጠው ፌስቡክ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። የሠራተኛው ጠበቃም አብሮ ተቋርጧል። የአሠሪው ነገረ ፈጅ ግን ከቢሮው አልተነሣም፤ መስመር ቢኖርም ባይኖርም ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ዐሥር ቀን

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተክቷል። ይርጋን በሚመለከት ግን የቀድሞውን መንገድ ይዞ ቀጥሏል። በአዋጁ አንቀጽ 163 መሠረት፣ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የተነሣ የሚጠየቅ ማናቸውም ክፍያም እንዲሁ በስድስት ወር።

የእነዚህ መብቶች ክብደት እንዲታየን ይዘታቸውን እናስታውስ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛውን ወደ ሥራው ሊመልሰው ይችላል፤ ካልመለሰውም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ የአማካይ የቀን ደመወዙን 180 እጥፍ ካሳ ከማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ጋር ያገኛል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት በሲሶው እየጨመረ ይሄዳል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የክረምት ቀለብ ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የቤት ኪራይ ነው።

ይርጋው ያለ በር የተሠራ ግንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አዋጁ አንዲት ጠባብ በር ትቷል። መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ መሆኑን ካረጋገጠ፣ የሥራ ክርክር የሚሰማው አካል ጊዜው ያለፈበትን ክስ ሊቀበል ይችላል። ነገር ግን ክሱ መቅረብ ያለበት ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም ብሎ ሁለት ቃላትን እንዲመዝንልኝ እለምናለሁ። አንደኛው «ይችላል» የሚለው ነው፤ «አለበት» አላለም። ሁለተኛው «በተወገደ» የሚለው ነው።

ለመሆኑ በጎንደር ከአቅም በላይ የሆነው ምክንያት መቼ ነው የተወገደው?

ሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ያወጣው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት አራዘመው። የሞባይል ኢንተርኔት ገና ከመነሻው ተዘጋ፤ በከፊል መመለስ የጀመረውም ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚህ መካከል የድምፅ ስልክ በሚሠራበት ቦታ ይሠራል፤ በሌላው ቀን አይሠራም። መንገድ ማክሰኞ ይከፈታል፤ ሐሙስ ይዘጋል። ከተማው ሲረጋጋ ወረዳው ይታመሳል። «ምክንያቱ የተወገደበት ቀን» የትኛው ነው? አውቶቡስ ያለፈበት ማክሰኞ ነው? አንድ ጥሪ የገባበት ረቡዕ ነው? ሕጉ የተጻፈው ችግር እንደ ጎርፍ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ለሚሄድበት አገር ነው። የእኛ ችግር ግን እንደ ደጋ ጉም ይመጣል፣ ይገለጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ምግብ አብሳይ ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት እንበል። በስምንተኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ጳጉሜንን ትተን ብንቆጥር፣ ወደ ሥራዋ ለመመለስ የመጠየቅ መብቷ ጥቅምት 20 ቀን 2016 አበቃ፤ ያን ጊዜ ዳታ የለም። የስንብት ክፍያና የካሳ ጥያቄዋ ጥር 20 ቀን ታገደ፤ አሁንም ዳታ የለም። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 24 ቀን፣ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አዋጁን አራዘመ። አስተውሉልኝ፤ በዚያው ሳምንት፣ በአንዱ ሕግ ዓይን አገሩ መደበኛ ስላልሆነ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ በሌላው ሕግ ዓይን ግን አገሩ መደበኛ ስለሆነ የምግብ አብሳይዋ ጊዜ አልቋል። ሁለቱም ሕጎች የአንድ መንግሥት ናቸው።

ይህ የአንድ ክረምት ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ላይ ተቃውሞ ሲቀሰቀስም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዳርቃይን አልፎ እስከ ዳባት ጭና ሲደርስ፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ዙሪያ በቱሪስት እንጀራ የሚበሉ አብሳዮች፣ በቅሎ ነጂዎችና ዘበኞች ሥራ አልባ ሆነው ቀርተዋል። ሦስት ጊዜ የመጣ ነገር አራተኛ ጊዜ አይመጣም ብሎ የሚምል ካለ እርሱ ከእኔ የበለጠ ደፋር ነው።

ዘጠና ለአንዱ፣ ዐሥር ለሌላው

ይህ አዋጅ ችግርን ጨርሶ የማያውቅ ሕግ ቢሆን ኖሮ «አላሰቡበትም» ብለን ባለፍነው። ነገር ግን አስበውበታል። የአሠሪው ድርጅት ሥራ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት በሙሉ ወይም በከፊል ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቋረጥ፣ አሠሪው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አስታውቆ የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። እገዳው እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም ደመወዝ አይከፍልም። ደግ ነው፤ ድርጅት ከሞተ ሠራተኛውም ይሞታልና እገዳውን አልቃወምም።

ሁለቱ ድንጋጌዎች የተለያየ ዓላማ እንዳላቸውም አይጠፋኝም። ነገር ግን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሕግ አውጪው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል። ያው መዓት በሁለቱም ላይ ወርዷል። አሠሪው እስከ 90 ቀን ትንፋሽ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሠራተኛው ግን መዓቱ ባለፈ በ10 ቀን ውስጥ የጠፋ ዘመዱን ፈልጎ፣ ቤቱን ጠግኖ፣ ጠበቃ አግኝቶ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ክስ አስጽፎ፣ ሬጅስትራር ፊት እንዲቆም ታዘዘ። ይህንንም ፈጽሞ ዳኛው «ሊቀበለው ይችላል»።

በዚያ ላይ የማስረጃው ነገር አለ። መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳው ሠራተኛው ነው። ምግብ አብሳይዋ በሰፈሯ ዳታ እንዳልነበረ በምን ታስረዳ? ከቴሌ ደብዳቤ ታምጣ? «በዚህ ቀን በዚህ ቀበሌ አገልግሎት ዘግተናል» ብሎ ማኅተም የሚያትምላት ማን ነው? አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ለአንዲት የቀን ገቢዋ ለተቋረጠ ሴት «አረጋግጪ» ማለት፣ ሰው ውሃ ውስጥ ነክሮ «እርጥብ መሆንህን አስመስክር» እንደማለት ነው።

«ይርጋ ይርጋ ነው» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ባነሣሁ ቁጥር የሚመጡ አራት መልሶች አሉ። ለእያንዳንዳቸው ላስረዳ።

የመጀመሪያው፣ «አሠሪውም ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ክስ ለዓመታት እንደ ሰይፍ ሊንጠለጠልበት አይገባም» የሚል ነው። እስማማለሁ። የሥራ ክርክር ፈጣን መሆን አለበት፤ ለዚህም ነው አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃው የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዘዘው። አጭር ይርጋ በራሱ ክፉ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ጉዳዩን ለአስታራቂው ኮሚሽን የሚያቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ከእኛ ሦስት ወር እጅግ ያጠረ ነው። ነገር ግን የሚያቀርበው ክስ አንድ ቀላል ቅጽ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ መላክ ይችላል፤ ቢዘገይም በቂ ምክንያት ካሳየ ይቅር ይባላል እንጂ የ10 ቀን ገመድ አንገቱ ላይ አይታሰርም። ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት የሥራ ውል ማቋረጥ ስምምነት ቁጥር 158፣ ሠራተኛው መብቱን እንደተወ የሚቆጠረው «ምክንያታዊ በሆነ ጊዜ» ውስጥ ሳይጠቀምበት ሲቀር እንደሆነ ይናገራል። ስልክ የሌለበት ሦስት ወር ምክንያታዊ ጊዜ ነው የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው፣ «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። የኢንተርኔት መዝጋትን ልክነት ለመከራከር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ የምለው ግን መዝጋቱ ተገቢ ነው ብለን ብንቀበል እንኳ የሚጸና ነው። መንግሥት ለጋራ ጥቅም ሲል የአንዱን ቤት አፍርሶ መንገድ ቢሠራ ካሳ ይከፍላል። ለጋራ ደኅንነት ሲል የሠራተኛውን ብቸኛ የፍትሕ መንገድ ከዘጋ፣ ቢያንስ ቆጠራውን ማቆም አለበት። ደግሞም ከዚህ መዘጋት ያተረፈው ማን ነው? ጸጥታው አላተረፈም፤ ያተረፈው በዚያ ሰሞን ሠራተኛ ያለ ሕግ ያባረረ አሠሪ ነው። ሠራተኛውን በሕግ ጠብቆ ያቆየው አሠሪ ከዚህ ያገኘው ምንም የለም። ይህ አካሄድ ሕግ አክባሪውን ትቶ ሕግ አፍራሹን የሚሸልም ነው።

ሦስተኛው፣ «በአካል ሄዶ ይክሰስ» ይላል። ይህን የሚል ሰው በ2016 ዓ.ም. ከዳባት ወደ ጎንደር ወይም ከሳንጃ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ተሳፍሮ የማያውቅ መሆን አለበት። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ ሰው ሕይወቱንና የስንብት ክፍያውን በሚዛን አስቀምጦ ነው የሚሳፈረው። ወረዳው ላይ ፍርድ ቤት አለ እንኳ ብንል፣ የክሱን አጻጻፍ የሚያውቅለት ሰው የለም። በማመልከቻ ጸሐፊ የተጻፈ ክስ፣ ዋናውን ጥያቄ ረስቶ «ደመወዜን» ብቻ ስለጠየቀ ወደ ሥራ የመመለሻው መብት በዚያው ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

አራተኛው መልስ በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ «ገንዘቡ ትንሽ ነው» የሚል። እውነት ነው፤ ለአንድ የአዲስ አበባ ነገረ ፈጅ ትንሽ ነው። ነገር ግን የዚህ አገር ሰው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሰው ነው። ደንበኞቼ ሲሸነፉ አይቻለሁ፤ ዳኛው ሰምቷቸው፣ ማስረጃውን መዝኖ ሲፈርድባቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ይርጋ በሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ቃላቸው ሳይሰማ መዝገቡ ሲዘጋ ግን ፊታቸው ላይ የማየው ሌላ ነገር ነው። «ታዲያ ዳኛው ስለ እኔ ጉዳይ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። ምንም አላለም። ስለ ጉዳያቸው የተነገረ አንድም ቃል የለም። በሕግ የሄደች በቅሎ ብትሆን ይታገሡ ነበር፤ ጭብጧቸው ግን ያለ ነገር ሄደች።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻውን ጥብቅና አይሆንም፤ ዳኝነት የምጠይቅበትን ነጥብ በዝርዝር ማቅረብ አለብኝ።

አንደኛ፣ የይርጋው ቆጠራ በሕግ ይቁም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት፣ ወይም የመገናኛ አገልግሎት በመንግሥት ውሳኔ በተቋረጠበት አካባቢ፣ ቀኑ ሳይቆጠር እንዲያልፍ በግልጽ ይጻፍ። ዳኛው ፈቃዱ ሲሆን የሚሰጠው ምሕረት መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛው የሚጠይቀው መብት ይሁን። ለዚህ የሚሆን ልምድ የለንም አይባልም። በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012 አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ገደብ ተጥሎባቸው ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የሠራተኛውን እንጀራ ማሰብ እንደሚችል መንግሥት ራሱ አሳይቶናል። ለወረርሽኝ የታሰበው ለጦርነትና ለመስመር መቋረጥ የማይታሰብበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል።

ሁለተኛ፣ የ10 ቀኑ ገደብ ይሻሻል። ሰው ከመዓት ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠው። ማስረጃውም ይገላበጥ፤ መስመር መዘጋቱ ለሁሉም የታወቀ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ራሱ ግንዛቤ ይውሰድበት፤ አልተዘጋም የሚል አሠሪ ካለ እርሱ ያስረዳ።

ሦስተኛ፣ ከርቀት የሚቀርብ ክስ ሙሉ ዕውቅና ያግኝ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ኃይል ሰጥተዋል። ባንክ በስልክ ሚሊዮን ብር ሲያንቀሳቅስ ደግ፤ አንድ ሠራተኛ ሁለት ገጽ ክስ በስልክ ሲያቀርብ ክፉ የሚሆንበት ምክንያት የለም። መስመር በሌለበት ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው በአቅራቢያው ባገኘው በማንኛውም ፍርድ ቤት ክሱን አስረክቦ የቀን ማኅተም ማስመታት ይቻለው፤ መዝገቡን ወደሚመለከተው ችሎት ማድረስ የፍርድ ቤቶቹ የራሳቸው ሥራ ይሁን። ቢያንስ ቀኑ ይድንለታል።

አራተኛ፣ ጥሪው ለእኛ ለጠበቆች ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ሃምሳ ሰዓት በስልክ ቢሰጥ ስንት የስንብት ደብዳቤ ይነበብበታል? አንድ ደብዳቤ አንብቦ «የመክሰሻ ጊዜህ በዚህ ቀን ያበቃል፤ ጥያቄህ ይህንና ይህን ይጨምር» ለማለት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፍ ያሳየውን ጅምር የግል ጠበቆች በርቀት ብናግዘው፣ ከሊማሊሞ ማዶ ያለ ሰው ከፒያሳ ቢሮዎቻችን ጋር እኩል ይቀራረባል። ከተማ ውስጥ ተጠጋግተን የአንድ ባንክ ጉዳይ የምንሻማ ጠበቆች፣ ወረዳዎቹን ለማመልከቻ ጸሐፊ ትተን ስለ ፍትሕ ተደራሽነት ወርክሾፕ መቀመጣችን ያሳፍራል።

ይህን ለምታነቡ፣ በቢሮ ወንበር ላይ ላላችሁ ወገኖቼ የምጨምረው አለ። ጉዳዩ የምግብ አብሳይና የዘበኛ ብቻ መስሎ ታይቷችሁ ከሆነ የቅጥር ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። የባንክ ባለሙያውም፣ የግል ኮሌጅ መምህሩም፣ የድርጅት ሒሳብ ሠራተኛውም በዚሁ አዋጅ ሥር ናቸው። በመደዳ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት በቀሪነት ሊሰናበት የሚችለው በዚሁ አዋጅ ነው። ያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ስልክ ማንሣት ይሆናል። ስልኩ ጸጥ ካለ፣ ሦስት ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱ የተሰጠው «ማንኛውም ሰው» ለሚባለው ነው፤ «ኔትወርክ ላለው ሰው» አልተባለም። ጎንደር በነገሥታቱ ዘመን ተበደልኩ ያለ ሰው ግቢው ደጅ ቆሞ አቤት የሚልባት ከተማ ነበረች። ጩኸቱ ይዘግይ እንጂ ደጁ ድረስ ይደርስ ነበር። ዛሬ ደጁ ሩቅ ሆኗል፤ ድምፁን የምታደርሰው ቀጭን ሽቦ ናት። ሽቦዋን የያዘው መንግሥት ነው፤ ሰዓቱንም የያዘው መንግሥት ነው። ሽቦውን ሲቆርጥ ሰዓቱንም ያቁም። የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የሚያንስ ጥያቄ ደግሞ አላውቅም።

ቸር እንሰንብት።